የቀዩ ብልቃጥ ሒሳብ

ሰኞ

የእትዬ ዳሌ ወጪ በዚህ ወር የመብራቱንና የውሃውን ድምር አለፈ። ከፊቱ የቀረው የቤት ኪራይ ብቻ ነው፤ በዚህ አያያዙ እሱንም ይደርስበታል።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ አብረን እንኖራለን። እሷ ጡረታዋን ታመጣለች፣ እኔ የላውንደሪ ደመወዜን አመጣለሁ፤ ምክሩን ግን ሁሉንም የምታመጣው እሷ ናት። ሽበቴን እያየች እስከ ዛሬ "ሙሽሪት" ትለኛለች። እኔ ፊት ለፊት "እርስዎ" እላታለሁ፤ እዚህ ደብተር ውስጥ ግን እሷ ናት፣ ይቅር ትበለኝ።

የዳሌዋ መጋጠሚያ አልቋል ተብላ የቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቃለች። እስከዚያው ሐኪሙ፣ "ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ማስታገሻ ይውሰዱ" ብሎ አሰናበታት። የትኛውን እንደሆነ አልነገራትም። ለእትዬ ይህን መንገር አያስፈልግም፤ ውዱን ነው።

ውዱ በቀይ ብልቃጥ ይመጣል። ብልቃጡ ላይ የሚሮጥ ሰው ተስሏል። እትዬ ሦስት ብልቃጥ ጨርሳለች፤ ስትሮጥ ግን እስካሁን አላየሁም።

ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ዝናብ። ጫማዬ ውሃ ጠጥቷል።

"ቀዩን አንድ ብልቃጥ" አልኩት ባለመድኃኒቱን።

"ለምንዎት ነው፣ እናቴ?"

"ለዳሌ።"

"ለዳሌ ከሆነማ ሰማያዊው አለልዎት።" አንድ ሣጥን አወረደ። ጉልበት ተስሎበታል፤ ከጉልበቱ ዙሪያ መብረቅ ይወጣል። "ለመጋጠሚያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው።"

"ውስጡ ምንድን ነው?"

"ለመጋጠሚያ የተዘጋጀ።"

መነጽሬን አወጣሁ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ተነፈሰ። ሰማያዊው፦ ፓራሲታሞል፣ አምስት መቶ ሚሊግራም። ቀዩ፦ ፓራሲታሞል፣ አምስት መቶ ሚሊግራም። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጥጡ ጎን፣ አቧራ የለበሰ ነጭ እሽግ አየሁና እሱንም አምጣው አልኩት። እሱም ያው ነው።

"ሦስቱም አንድ ናቸው እንግዲህ" አልኩ።

"የጥራት ጉዳይ አለ፣ እናቴ። ውድ ነገር እንዲያው በከንቱ አይወደድም።"

ታዲያ ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ጉልበት የት እንዳለ ማንን ይጠይቃል? ይህን ያልኩት አሁን ነው፣ እዚህ። እዚያ ቆሜ ያልኩት "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብቻ ነው። ቀዩን ገዝቼ ወጣሁ።

ረቡዕ

ሒሳቡን እዚህ ላስቀምጠው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ አላስቀምጥ አለኝ።

ቀዩ፣ ሃያ አራት ፍሬ በሦስት መቶ ስድሳ። አንዱ ፍሬ ዐሥራ አምስት ይመጣል። ነጩ፣ ዐሥር ፍሬ በሃያ አምስት። አንዱ ሁለት ተኩል። በአንድ ቀይ ስድስት ነጭ ይገዛል ማለት ነው። እትዬ ሁለት ሁለት እያደረገች በቀን ሦስት ጊዜ ትወስዳለች። በቀዩ ዘጠና፣ በነጩ ዐሥራ አምስት። ልዩነቱን፣ ሰባ አምስቱን፣ በየቀኑ ለሚሮጠው ሰውዬ እየከፈልነው ነው። ምናልባት የሚሮጠው ገንዘባችንን ይዞ ይሆናል።

ሰማያዊውን አላሰብኩትም። ለሁሉም ድንበር አለው።

ለእትዬ ነገርኳት። ሾርባውን እያማሰልኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አልችልም።

"እትዬ፣ ቀዩና ነጩ ውስጣቸው አንድ ነው። ተጽፏል።"

"የተጻፈ ሁሉ!" አለች። "እንኳን ማንበብ ቻልሽ፣ ሙሽሪት። አሁን ዳሌዬንም አንብቢልኝ።"

ማማሰያውን አስቀምጬ ጨው ፈለግኩ።

"ወንድሜንም በዚያ ነጭ ጠመኔ ነው የሸኘሽው" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ።

ሾርባው አረረ። በላነው።

ሐሙስ

ስለዚያ ነገር አልጽፍም።

ማንበብ የጀመርኩት እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዎች "በዚህ ዕድሜሽ ምን አስነሳሽ?" ሲሉኝ "ሥራ ፈትቼ" እላለሁ። ሌላው ሰው በሀ ሁ ይጀምራል፤ እኔ የጀመርኩት በመድኃኒት ወረቀት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር የነጩ እሽግ ወረቀት ነበር፤ ስንት ወር እንደፈጀብኝ አልናገርም። ቤት ውስጥ የተገኘው እሱ ስለነበር ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ዓርብ

ሥራ በዝቷል። በዝናቡ ምክንያት ምንም አይደርቅም፤ አለቃችን ደመናውን እኛ የጠራነው ይመስል ይቆጣናል። የእኔ ሥራ ኪስ መፈተሽ ነው። ልብስ ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት በእጄ ያልፋል፤ የተገኘው ነገር በፖስታ ይታሸግና ከደረሰኙ ጋር ይያያዛል። ቁልፍ፣ ጥርስ መጎርጎሪያ፣ የሌላ ሴት ጉትቻ። በዚህ ዓመት ደግሞ ክኒን በዛ። ባለ ከረባቱም፣ ሹፌሩም፣ ሙሽራውም ኪሳቸው ውስጥ ክኒን አለ። ከተማው ሁሉ ያመዋል ማለት ነው፤ ፊታቸውን ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ አሁን ገባኝ።

ልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ ካውያዋን አቁማ ወገቧን ያዘች። "እስቲ አንቺ አዋቂዋ፣ ከነዚህ የትኛው ይሻለኛል?"

"ነጩ። ሌላው ለሣጥኑ ነው የሚከፈለው።"

"ባለቤቴም ሣጥኑ ነበር የሚያምረው" አለች። እንፋሎቱ ውስጥ ሆነን እስክንታፈን ሳቅን። አለቃችን መጣ። ሳቁ አበቃ።

ቅዳሜ

አደረግኩት።

እትዬ ታጥባ እስክትወጣ ድረስ ብልቃጡ ውስጥ የቀሩትን ቀዮች በማንኪያ ወረቀት ላይ ገለበጥኳቸው። ክኒኖቹ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ የቀዩ ብልቃጥ ክኒን ላይ አንዲት ፊደል ተቀርጻለች፣ ሌላው ላይ ባዶ መስመር ብቻ ነው። እትዬ መነጽር አታደርግም፤ "ያስረጀኛል" ትላለች። ሁለት እሽግ ነጭ ፈልቅቄ ብልቃጡን ሞላሁት፤ ክዳኑን ጠበቅ አደረግኩ። ሌባ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ለሚፈልግ፣ እንዲህ ነው፤ ደስ ይላል።

"አንድ ነው" ብዬ ነበር ያኔም። ባሌ ቀዩን በመድኃኒት ቤቱ መስታወት አይቶ "እሱን ብትሞክሪልኝስ" ሲለኝ። አንድ ነው አልኩት፤ አፌን ሞልቼ። ያኔ ግን አንብቤ አልነበረም። ማንበብ አልችልም ነበር።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ማክሰኞ

ድል! እትዬ ዛሬ ጠዋት ከአልጋዋ ራሷ ተነሳች።

"አየሽ ቀዩን!" አለችኝ። "ገና ጉሮሮ ሲያልፍ ይታወቃል። ያንቺ ጠመኔ ቢሆን እስከ ምሳ ድረስ ተጋድሜ ነበር።"

"እውነትዎን ነው፣ እትዬ።"

"ይኸኛው ብልቃጥ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጣል። ሳያጠነክሩት አልቀሩም።"

ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳቄን ከሳህኑ ጋር አጠብኩት። ስለ ውጤቱ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ምስክሯ የገዛ ከሳሼ ናት።

ሐሙስ

የላይኛዋ ጎረቤታችን ራሷን አስራ መጣች። እትዬ ከብልቃጡ ሁለት ፍሬ ቆጥራ ሰጠቻት፤ አሰጣጧ ንግሥት መሬት የምታድል ይመስላል። በደረጃው ላይ ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

"ውድ ነው አይደል?" ትላለች ጎረቤት።

"ዋጋውን አትጠይቂኝ። የወንድሜ ሚስት እጇ ትንሽ ያዝ ያደርጋታል፤ እኔ ነኝ ያስለመድኳት።"

ጎረቤቷ ማታ ተመልሳ ራሴ ተፈታ ብላ ማለች። አሁን ሁለት ምስክር አለኝ።

እሑድ

ብልቃጡ ባለቀ ቁጥር በነጩ እሞላዋለሁ፤ በተረፈው ገንዘብ የመብራቱን ውዝፍ ከፈልኩ። ከዚያ ጫማ ገዛሁ። ጫማ አላሰብኩም ነበር፤ በሱቁ በር ሳልፍ እግሬ ቆመ። ጥቁር፣ ውሃ የማያስገባ። እትዬ አየችውና "ከየት?" አለች። "ሰው ላውንደሪ ረስቶት ነው" አልኳት፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ። ጫማው ትንሽ ይጠብበኛል። ይገባኛል።

ረቡዕ

እትዬ ቀዩን በቀን አራት ጊዜ አድርጋዋለች፤ ስምንት ፍሬ። ወረቀቱ የሚፈቅደው የመጨረሻው ስምንት ነው፤ ስለዚህ ምንም አላልኩም። በነጩ ሒሳብ ስምንት ማለት ሃያ ብቻ ነው። ትውሰድ!

ምግብ ግን ትታለች። "ምግብሽ አስጠላኝ፣ ሙሽሪት። ምን እንደምትጨምሪበት አላውቅም።" እኔ የምጨምርበት እዚህ ቤት ሃያ ዓመት የጨመርኩት ጨው ነው። ሳህኗን እያየች ፊቷን ትከሰክሳለች። ተዋናይ ብትሆን ኖሮ ሁለታችንም ሀብታም ነበርን።

ሐሙስ

ይህን ለመጻፍ ቀኑን ሙሉ ቸኩያለሁ።

የእትዬ ሹራብ ቤት ውስጥ አልደርቅ ስላለ ላውንደሪ ወሰድኩት። እጄ ልማዱን አይተውምና ኪሱን ፈተሽኩ። ከግራው ኪስ ሦስት ባዶ እሽግ! ነጩ! ራሱ ነጩ ጠመኔ! ከቀኙ ደግሞ በመቀስ ተቆርጦ የተሸጠ አራት ፍሬ።

ስመለስ በራችን ላይ ያለውን ባለኪዮስክ ጠየቅኩት።

"የኛ እትዬ ከአንተ ክኒን ትገዛለች እንዴ?"

"እርስዎ ሥራ ሲወጡ ነዋ፣ እናቴ። በቀን ስድስት ፍሬ። 'ለሙሽሪት እንዳትነግር' ብላኝ ነበር።" አፉን ያዘ። "ኧረ በጌታ፣ አልነገርኩዎትም!"

"አልነገርከኝም።"

በስድስት ፍሬ፣ ፍሬውን በሦስት፣ ዐሥራ ስምንት። ከገዛ ኪሷ ነው፤ ከቤቱ ገንዘብ አልነካችም። ነጩን ስትረግም ውላ ነጩን ትገዛለች፤ ያውም ከእኔ በውድ ዋጋ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሁን አልነግራትም። አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስለ ጠመኔ ስትጀምር፣ ሹራቡን ይዤ እገባለሁ።

ቅዳሜ

ገና አልነገርኳትም። ማጣጣም ላይ ነኝ። ዛሬም "ጠመኔ" አለች፤ ዛሬም ፈገግ አልኩ።

ምሳዋን አልነካችም። ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል ትላለች። አሁን ደግሞ ጎን ተጨመረ።

ሰኞ፣ ከሥራ

በእርሳስ፣ በደረሰኝ ጀርባ። ኋላ እገለብጠዋለሁ።

ተኳሿ ለወገቧ ሁለት ነጭ ዋጠች፤ አፍንጫዋን ስለያዛትም የጉንፋን መድኃኒት ልትጨምር ከፈተች። አስጣልኳት። "ይኼም ውስጡ ያው ነው። ሣጥኑ ነው የተለያየው። ድምሩን ነው መቁጠር ያለብሽ፤ ሆድ ውስጥ ሲገቡ" አልኩና

ስምንት እና ስድስት።

ዐሥራ አራት።

ስንት ቀን?

ሰኞ፣ ማታ

አለቃችንን ሳላስፈቅድ ወጣሁ። እስከ ቤት ሮጥኩ፤ እስከ ዛሬ በዚያ ብልቃጥ የተነሳ የሮጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ወረቀቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። በሃያ አራት ሰዓት ከስምንት አይበልጥም። ከበለጠ ጉበት ይጎዳል፤ ሕመም ባይሰማም ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ማቅለሽለሽ። ምግብ መጥላት። በቀኝ ጎን መውጋት። ይህን ሁሉ ሣህን ይዤ ፊቷ ቆሜ አይቼው ተዋናይ አልኳት። ሐሙስ ዕለት ያገኘሁትን ክኒን በሦስት አባዛሁት እንጂ ከስምንቱ ጋር አልደመርኩትም። ሒሳብ አዋቂዋ!

ዕቃ ሳላስቀምጥ "እትዬ፣ ነጩን ከቀዩ ጋር እየወሰዱ ነው?" አልኳት።

ደነገጠች፤ ወዲያው ቀና አለች። "ማን ነው የነገረሽ? ያ ባለኪዮስክ ምላሱ ይቆረጥ!"

"ሁለቱ ይደመራሉ፣ እትዬ። ጉበት ያጠፋል። ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ምኑ ነው የሚደመረው? ያ እኮ መድኃኒት አይደለም። ርካሽ ነው! አፌን ሲመረኝ እንደ ከረሜላ ነው የምይዘው። መድኃኒቴ ቀዩ ነው።"

ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩላት።

"ይኼ የቀዩ ወረቀት ነው" አለች። "ስለ ነጩ ምን አገባው?"

እውነቱን ብነግራት ያበቃ ነበር። "ቀይ የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ነኝ የሞላሁት" ማለት ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስት ጊዜም ያው ቃል መጣብኝ፣ ያ የሸኘሽው የሚለው። ብልቃጡን አንስቼ ኪሴ ከተትኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ። በግድግዳው በኩል ለላይኛዋ ጎረቤት ስትጮህ ይሰማኛል፤ "መድኃኒቴን ቀማችኝ! አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ደረሰ!"

ቢያንስ ዛሬ አትወስድም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ፈሪ ሰው ለፍርሃቱ ጥሩ ጥሩ ስም ያወጣል።

ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። የዐይኗ ነጭ ቢጫ ይመስላል፤ ወይም መጋረጃው ነው። መጋረጃውን ገለጥኩት። መጋረጃው አይደለም።

በታክሲ ወሰድኳት።

ማክሰኞ፣ ሆስፒታል ወንበር ላይ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትቸኩላለች ግን ትሰማለች። "ምን ሲወስዱ ነበር?"

"ቀዩን" አለች እትዬ አልጋው ላይ ሆና። "ደግሞ አልፎ አልፎ ከረሜላ።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ብልቃጡን ሰጠኋት። መዳፏ ላይ ገለበጠችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

"ይኼ የዚህ ብልቃጥ ክኒን አይደለም። ፊደል የለበትም። ምንድን ነው? ምን እንደሆነ ሳላውቅ ማከም አልችልም።"

እትዬ አንገቷን ቀና አደረገች። ነርሷ ቆመች። በመጋረጃው ወዲያ ያሉት በሽተኞች እንኳ ማሳል የተዉ መሰለኝ።

"ነጩ ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ የሞላሁት። ይኸው እሽጉ። በቀን ስምንት ከብልቃጡ፣ ስድስት ከባለኪዮስኩ። ሁሉም አንድ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?" ሐኪሟ ናት።

"ብልቃጡ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የኪዮስኩን አላውቅም።"

"ከዚያ በፊት ነው" አለች እትዬ ቀስ ብላ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ያ የጠነከረው ብልቃጥ?"

"እሱም።"

"ጎረቤቷ የዳነችበት?"

"እሱም፣ እትዬ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቀሰች ወይስ ሳቀች፣ እስካሁን አላወቅኩም።

ደም ወሰዱ። የጉበቱ ቁጥር ከፍ ብሏል። ግሉኮስ የሚመስል ነገር ሰቀሉላት፤ ለዚሁ የሚሆን መድኃኒት ነው አሉ። ሁለት ቀን እናያለን አለች ሐኪሟ። "ቁጥሩ ከወረደ ትድናለች። ካልወረደ ያኔ እናወራለን።"

ያኔ ማውራት አልፈልግም።

ረቡዕ

አልወረደም። አልጨመረምም።

ትተኛለች። ትነቃለች። አታናግረኝም። አንድ ጊዜ ብቻ "ውሃ" አለች፤ "ሙሽሪት" አላለችም። ስሙ እንደዚህ ይናፍቀኛል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር።

አለቃችን ደወለ። ነገ ካልገባሁ ከነጭራሹ እንዳልመጣ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ተኳሿ ከኋላው ስትጮህበት ሰማሁ።

ሐሙስ

ከትናንቱ ትንሽ ወርዷል። ትንሽ ነው። ሐኪሟ ፈገግ ስላለች ጻፍኩት።

ሐኪሟ ልትወጣ ስትል ተከተልኳት። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አጥንቱ ውስጥ ነቀርሳ የገባበት ሰው ቢሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለ፣ ቀዩ ከነጩ ይሻለው ነበር?"

"ፓራሲታሞል?" አለች። "ለእንዲያ ያለ ሕመም? ሁለቱም ምንም አያደርጉለትም። በማዘዣ የሚሰጥ ጠንካራ ማስታገሻ ነው የሚያስፈልገው። ማን ነው? እዚህ ያምጡት።"

"ማንም አይደለም" አልኩ። "መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው።"

ስመለስ እትዬ ዐይኗን ጨፍናለች። በሩ ክፍት ነበር።

አንድ ነው ያልኩት እውነት ነበር ማለት ነው። አንድ ነው፤ ሁለቱም ምንም ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ውዱን ከርካሹ ሳማዝን ሦስተኛ ነገር መኖሩን አንድ ጊዜ እንኳ ሄጄ አልጠየቅኩም። ፊደል የቆጠርኩት መልሱን ለማግኘት ነበር፤ መልሱ እነሆ፣ ጥያቄውን ነው የሳትኩት።

ይህን ስጽፍ ገጹ ረጥቧል። የዝናቡ ነው። መስኮቱ አይዘጋም።

ቅዳሜ

ወረደ። በደንብ ወረደ። ዐይኗ ነጣ። ሾርባ ጠጣችና "ጨው የለውም" አለች፤ የሆስፒታሉን። ደስታዬን የሚችል ክፍል አልነበረም።

ለዳሌዋ ሌላ ሕክምና አሰቡላት። ሐኪሟ ተራዋን አስቀድማ ለማስያዝ ወረቀት ጻፈች። እትዬ ወረቀቱን ተቀብላ፣ "ይህም እንደ ነጩ ርካሽ ነው?" ብላ ጠየቀች። መነጽሬን ለምና አንድ ጊዜ ልታነበው ሞከረች፤ "ያስረጀኛል" ብላ መለሰችልኝ።

ማክሰኞ

ቤት ገባን። ጎረቤቷ ሾርባ አመጣች፤ እትዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከውስጥ ሆኜ ጠበቅኩ። ይኸው መጣ አልኩ፤ ሌባዋ፣ ብልቃጥ ሞዪዋ።

"ምን ነበር ያመመሽ?" አለች ጎረቤት።

"መድኃኒት በዝቶብኝ ነው። ሁለታችንም መድኃኒት ሰጪ ሆንን፤ በሽተኛዋ አንድ ብቻ ነበረች።"

"ያ ቀዩስ? ለእኔ እንኳ እንዴት ሠርቶ ነበር!"

"ለአንቺማ ይሠራል" አለች እትዬ። "ራስሽን ነበር ያመመሽ፤ ራስ ያመኑትን ይቀበላል።"

ስለ ነጩ አንድም ቃል አላወጣችም።

እሑድ

ዛሬ ዝናቡ አቁሟል። ከቁርስ በኋላ መስኮቱን ከፍተን ተቀመጥን። እሷ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች፤ እኔ የሹራቧን ቁልፍ እተክላለሁ። ላውንደሪ ነገ ተመልሼ እገባለሁ፤ ተኳሿ አለቃችንን በምን እንደረታችው አልነገረችኝም።

"ሙሽሪት" አለች እትዬ፣ መንገዱን እያየች።

"አቤት፣ እትዬ።"

"ወንድሜ የዚያን ቀን፣ የመጨረሻው ቀን፣ አንቺ ውሃ ልትቀጂ ወጣ ስትዪ 'እትዬ፣ ዛሬስ አላመመኝም' ብሎኝ ነበር። ልነግርሽ ረስቼው ነው።"

መርፌዬን ያዝ አደረግኩ።

"እንዲህ አለዎት?"

"እንዲህ አለኝ። በዚሁ ጆሮዬ። ያ ያንቺ ነጭ ምንም ቢሆን... እንዲያው ብቻ፣ አላመመኝም አለ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ እርጅና ነው፤ ሰው ይረሳል።"

"ይረሳል" አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።"

የዚያን ቀን ውሃ ልቀዳ አልወጣሁም። ጠዋት ከያዝኩት እግሩ ላይ እጄን እስከ መጨረሻው አላነሳሁም። ከቀትር በኋላ መናገር አልቻለም። እትዬ ደግሞ እዚያ አልነበረችም፤ አውቶቡሷ መንገድ ላይ ተሰብሮ የደረሰችው በማግስቱ፣ ከተገነዘ በኋላ ነው። ማንም አልጠበቃትም ብላ ግቢው መሃል ስትጮህ አስታውሳለሁ።

ቁልፉን ተከልኩ፤ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ሹራቡን ስሰጣት ኪሱን ሳልፈትሽ ነበር።

ሌሊቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳልነቃ አደርኩ።